ለዝምታ አይከፈልም

ከበሬሳ ድልድይ ወዲህ፣ የሱፍ ምንጣፍ በሚሸጠው ቤታችን፣
በእንጨት ሳጥን ተቆልፋ ነበረች ስልካችን።
ቁልፏ ካቶ ማንያህልሃል ቀበቶ ላይ ተንጠልጥላ፣
ለኢዝሚር ጥሪ ብቻ ትወርዳለች፣ ባሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ቅጭል ብላ።

እኔ ሒሳብ ሹም ነኝ፤ ሰዓቴን አውልቄ ካጠገቡ እቆማለሁ፣
አንድ ደቂቃ ባለፈ ቁጥር አንድ ጣት አነሣለሁ።
«ሠላሳ ጥቅል! በመርከብ! ዋጋው ያው! ቻው!» ብሎ ይዘጋዋል።
በጥር! በደብረ ብርሃን ጥር!
ያልበዋል።

ወር ሲደርስ የቴሌ ሒሳብ ይመጣል፤ እኔ ነኝ የማነበው፦
የአንድ በግ ጠጉር የአንድ ደቂቃ ወሬ ነው።
ከመንዝ ሸልተው ያመጡልንን፣ አጥበን፣ ፈትለን፣ አቅልመን፣
ግማሹን በአፋችን ጨረስነው፣ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እያልን።

የጥላዬ ልጅ ወንድይፍራው ነው ኮምፒውተሩን የከፈተው፣
ማዳመጫውን ከአለቃዬ የሱፍ ቆብ በላይ የደፋው።
«ከእንግዲህ በኢንተርኔት ነው ጋሼ፤ ደቂቃው አይቆጠርም።»
«ነፃ?» አለ። «ነፃ የበልግ ዝናብ ብቻ ነው። እሱም አይታመንም።»

ደወልን።
ቃላችን ሄዶ ዘገየ። መልሱም ዘግይቶ መጣ።
አባቴ ትዝ አለኝ፣ ጀማ አፋፍ ላይ ለጥሪ የወጣ፣
ማዶ ላለው አማቹ፣ «ኧረ ተክሌ! በሬው ጠፋ!» ብሎ፣
ቃሉ ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት እስኪወጣ ታግሎ፣
ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ ጥሎ።
ማን አስከፈለው?

በሁለተኛው ወር፣ ሒሳቡ ሲሶ ሆኖ፣ እኔም ደስ ብሎኝ፣
አንድ ነገር ሰማሁ፤ ዛሬም ስጽፈው የሚያሳፍረኝ።
ሴላሚ፣ ደንበኛችን፣ ሰባት ዓመት ምንጣፍ የላክንለት፣
ይንተባተባል።
ለካ መስመሩ አልነበረም የተበላሸበት።
«አይሰማም፣ ተቋረጠ» ብለን፣ ቃሉን ካፉ ሳይጨርስ፣
ሰባት ዓመት ዘጋንበት፣ ለደቂቃ ስናለቅስ።

ያን ቀን ጠበቅነው። ጣቴን አላነሣሁም።
ነፋስ ቆርቆሮውን ይመታል፤ እኛ አልተናገርንም።
ጥያቄው አንድ በአንድ ወጣ፣ ድንጋይ ከማሳ እንደሚለቀም፦
በምንጣፎቹ ጥግ፣ ከጌጡ ውጪ፣
አንዲት ሰማያዊ ቋጠሮ አለች፤
«ማ... ማን ነው የሚቋጥራት? ደ... ደኅና ነው?»
ሽቴ ናት። ደኅና ናት።
ይኸው እታች፣ ከመሸመኛዋ ሥር ተቀምጣ ትሠራለች።

ያተረፍነውን ብር መዝገቤ ላይ ጻፍኩ።
ለቋጠሮዋ ግን ዓምድ አጣሁ፤ ገጹን አጠፍኩ።

አቶ ማንያህልሃል ቁልፏን ዛሬም ከቀበቶው አልፈታም።
ሴላሚ ቃል ሲያምጥ ጨብጧት ይቆያል፤
አይናገርም።