ቆብ የደፋ መብራት

ስታማቲስ እባላለሁ፤ የመብራት ሠራተኛ፣
አርባ ዓመት በመሰላል የጣሪያ መንገደኛ።
ከወንዙ አፍ ጀምሮ እስከ ዓሣ ገበያው፣
ከአሸዋው ዳር ዳሩን ከተኮለኮለው
ከነጫጭ ቤት ሁሉ፣ ከበረንዳው ሁሉ
በእጄ ያልበራ የለም፤ ይመስክሩ ካሉ።
«ሌሊቱን ቀን አረግኸው፣ ይባረክ እጅህ!» ሲሉኝ
ብሬን እየቆጠርሁ እውነት መሰለኝ።

እንዴት አይመስለኝ? ብርሃንን ደግ ብሎ
ነው ሰው የሚያድገው፤ ጨለማን ሌባ ብሎ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፣ በሰኔ ማለቂያ፤
ፎቲኒ መጣች፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣ ቀይ ባትሪ በግንባሯ፣
ደብተር በብብቷ፣ አሸዋ በጫማዋ።
«አጎቴ» አለች «ኤሊዋ ወጥታ ነበር ትናንት ማታ፤
ያን የሚያህል ሆድ ይዛ፣ እያቃሰተች፣ ግማሽ መንገድ መጥታ፣
አንተ የሰቀልኸውን አምፖል ቀና ብላ አይታ
ዞራ ተመለሰች። እንቁላሉን የት እንደጣለችው
ባሕሩ ነው የሚያውቀው።
ልጆቿም እንደዚያው፤ ከጉድጓድ ሲወጡ በሌሊት
አንድ ሕግ ነው ያላቸው፦ ወደሚበራው ሩጡበት።
ድሮ የሚበራው ባሕሩ ነበር፣ ሰማይ ያረፈበት።»

ሳቅሁባት። «ኤሊ» አልኋት «ቆጣሪ የላት፣ ሒሳብ አትከፍል፤
እኔ ለሚከፍል ነው የማበራው።»
መሰላሌን ተሸክሜ እያፏጨሁ ሄድሁ።

ነሐሴ ገባ።
አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ለሥራ ስነሣ
ከጓሮዬ የፍሳሽ ፍርግርግ ላይ፣ ብቆጥር አሥራ ዘጠኝ፣
እንደ ተደፋ ወይራ ደርቀው፣ ጉንዳን ወርሷቸው።
ክሪሳቪ የሬሃን ማሰሮዋን ታይበት ብዬ
ለባለቤቴ የሰቀልሁት አምፖል ከላያቸው ይነዳል።
ፈለጋቸው አሸዋው ላይ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ጽሕፈት፣
ተንጋዶ፣ ተጠማዞ፣ ግን አንድም ያልሳተ፦
ሁሉም ወደ እኔ ቤት።

አንዱ ሕያው ነበር። መዳፌ ላይ ሳወጣው
አየሩን ይቀዝፋል፣ ባሕር መስሎት።
በባርኔጣዬ ይዤው ወረድሁ። እርጥቡ አሸዋ ላይ ሳኖረው
ዞረ፤ ወደ ቤቴ። መለስሁት፤ ደግሞ ዞረ።
አምፖሉን ሳላጠፋ! ልሮጥ ስል ጉልበቴ ታሠረ፤
ተንበረከክሁ፣ ጀርባዬን ለመብራቴ ሰጥቼ፣
ትከሻዬን እንደ መጋረጃ ዘርግቼ።
ጥላዬ ውስጥ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ቀዘፈ፤
አረፋው ወሰደው።
የመጀመሪያው የመብራት ቆብ፣ እንግዲህ፣ የእኔው ገላ ነው።

ከዚያ ወዲያ የወይራ ዘይት ጣሳ እየሰበሰብሁ፣
በመቀስ እየቀደድሁ፣ ጠርዙን እያጠፍሁ
በየደጁ ዞርሁ። ነጩን አምፖል አውጥቼ ብርቱካናማ፣
ከጣሪያ አውርጄ ጉልበት ላይ፣ ከላዩ ጣሳ።
ክሪሳቪ አየችና «ቆብ ደፋ» አለች «መነኮሰ!
ዓለም በቃኝ ብሎ መሬት መሬቱን ያያል።»
ጎረቤት ግን «ሲሰቅል በላ፣ ሲያወርድም በላ» ይላል።
እውነት ነው፤ በልቻለሁ።

አሮጊቷ ፖሊክሴኒ «ሌባስ?» አለችኝ።
«ሌባ በአስፋልት ይመጣል» አልኋት፤ በዚያ በኩል
ሰው ሲረግጥ የሚነቃ መብራት፣ በባሕሩ በኩል እንቅልፍ።
የአቴናው ጥርስ ሐኪም፣ ባለ ሰማያዊ ገንዳው፣
«ለዋና ነው» አለኝ፤ ባሕሩ ከገንዳው ሃያ እርምጃ ነው።
እስከ ዛሬ ይበራል። ኮረብታው ላይ ያለው ሆቴልም
እንደ በሽተኛ ዓይን ሌሊቱን ሙሉ አይከደንም።

እኛ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ነን፣ ጨለማ ውስጥ።
ክሪሳቪ ስትስቅ ጥርሷን አላይም፤ አውቀዋለሁ እንጂ።
ትናንት ከሬሃኑ ማዶ የሆነ ነገር ተነፈሰ፤
ከባድ፣ ረጅም፣ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው።
ከዚያ አሸዋ፦ ቸፍ… ቆይቶ፣ ቸፍ…
«አየሃት?» አለች በሹክሹክታ።
«አላየሁም።»
«እኔም» አለች፤ እጄን ያዘችና
ዝም አልን።