ያነሳሁት እጅ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣
ቤተኛ ነውና ማንም ግባ አይለውም።
የኛ ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ነበር፣
አሥራ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ከደጁ የሚደረደር፤
ግድግዳው ሳንቃ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ፣
ከመሃል ምድጃ፣ ሆዱ የተራበ።
ሕጉ አንድ ነበረ፦ ከቤት የሚወጣ
ከደብተሩ ጋራ አንድ ፍልጥ ይዞ ይምጣ።

በዚያ ሳምንት መጽሐፉ «ዜጋ» የሚል ገጽ ላይ ደርሷል፤
ባንዲራ፣ ቀጥ ያለ ወታደር፣ የተጠረገ ጎዳና ይታያል።
መምህራችን ኤዴሊያ ሥዕሉን አየችና
ወደ መስኮቱ ዞረች፦ ጭቃ፣ ጀልባ፣ ደመና፤
«ይሄ የኛን መንደር አያውቀውም ገና»
ብላ ዘጋችው።

በዚያው ጠዋት ነው ሊሳንድሮ ባዶውን የመጣ፣
እጁን ከኪሱ ሳያወጣ።
አባቱ ከባሕር ከቀረ ሦስት ቀኑ፤
እናቱ እንጨቷን ለሌሊት ቆጥባለች፣ ለሕፃኑ።
ይህን አናውቅም። ብናውቅስ? ስድስት ዓመት
ለቁጥር ይበቃል እንጂ አይበቃም ለምሕረት።

ፍልጡን ቆጠርነው። አሥር።
የባለሱቁ ልጅ ሮሳሊያ ብድግ አለች፤
«ያላመጣ አይሙቅ! ድምፅ እንስጥ!» ብላ ጮኸች።
ድምፅ መስጠትን ያስተማረችን መምህሯ ራሷ ናት፣
ባለፈው ሰኞ፣ ለድመቷ ስም ስናወጣላት።

እጅ ወጣ።
አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣
ሰባት።
የኔም እዚያ ውስጥ ነበረች፣
ጣቶቿን ዘርግታ፣ ኮርታ የቆመች።
ሦስቱ እምቢ አሉ።
ሊሳንድሮ ካልሲውን ያይ ነበር፣
አውራ ጣቱ ወጥቶ ከቀዳዳው በር።

ትቆጣለች ብለን ጠበቅን። አልተቆጣችም።
«ሰባት ለሦስት» ብላ በጠመኔ ጻፈች፤ አላጠፋችም።
«አንድ እንጨት አይነድም» ብላ ልትተርትብን ትችል ነበር፤
አልተረተችም።
ወንበሯን አነሳችና
«እኔም ዛሬ ፍልጥ አልያዝኩም» አለች፤
ከመስኮቱ ሥር፣ ከልጁ ጎን ተቀመጠች።
እዚያው ሆና መደመር አስተማረችን፣
እስትንፋሷ በብርዱ ነጭ ሆኖ እየታየን።

እኛም ሞቅን።
ፊታችን ቀላ፣ ጀርባችን በረደ፤
ማንም ሳይስቅ ምድጃው ብቻ ተንጣጣ፣ ነደደ።
ተረት ቢሆን ኖሮ አንዳችን ተነስተን
ወደነሱ በሄድን፣ ወንበር እየጎተትን።
አልሄድንም።
ደወሉ እስኪደወል ከእሳቱ አልራቅንም።

በማግስቱ ሮሳሊያ ሁለት ፍልጥ ታቅፋ መጣች፤
አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ከምድጃው ጨመረች።
አንደኛው እርጥብ ነበር።
ጢሱ ክፍሉን ሞላው፣ ዓይናችን አለቀሰ፤
መምህሯም፣ ሊሳንድሮም፣ ሁሉም እያስነጠሰ
በካልሲው ወጣ ዝናቡ ውስጥ፣ እየሳለ፣ እየሳቀ።
የዚያን ቀን ፍልጥ የቆጠረ የለም።
ድምሩን ማንም አልጠየቀ።

አሁን ጸጉሬ ሸብቷል። ከመንደሩ ሸንጎ ወንበር አለኝ፣
በወር አንዴ የቧንቧው፣ የአጥሩ፣ የጀልባ ማረፊያው ጠብ የሚደርሰኝ።
ሰብሳቢው «የምትደግፉ፣ እጅ!» ሲል
ይቺ እጄ ትዘገያለች፤
«አረጀህ እንዴ?» ይለኛል።
ዝም እላለሁ።
ዓይኔ ይሄዳል፣ እጄ ሳትነሳ በፊት፣
መስኮቱ ሥር ማን እንደተቀመጠ ለማየት።