ሦስት ሳጥን

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት።
ልጆቼ ተኝተዋል፤ ላፕቶፔ ብቻ ነው የሚተነፍሰው በቤት፤
ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ እያፏጨ፣
የባትሪው መብራት በቀይ ዐይኑ እየተቁለጨለጨ፣
የውሃን ዑደት እሠራለሁ ለአራተኛ «ለ» ክፍል፤
ፀሐይ ቢጫ ክብ፣ ወንዝ ሰማያዊ መስመር፣ ደመና የጥጥ ቁልል።

ድሮ የምሠራበት፣ ያ የተሰረቀው ፕሮግራም፣
«ፈቃድዎ አብቅቷል» ይለኝ ነበር በየቀኑ ሳይደክም፤
ቀይ መስመር ከላዬ ዘርግቶ እንደ ደንብ አስከባሪ፣
እኔን በገዛ ትምህርቴ አድርጎኝ የጎዳና ቸርቻሪ።

ቶሌራ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ሞባይል የሚጠግነው፣
ፍላሹን ሰክቶ «ቲቸር» አለኝ፣ «ይሄኛው ነፃ ነው።»
«ነፃ ስትል?» አልኩት። በዚህ ሰፈር ነፃ ነገር ያስፈራል፤
ነፃ የተባለ መሬት ካርታ ያስጠይቃል፣ ነፃ መድኃኒት ቀኑ አልፎበታል።
«ገንዘብ አይከፈልም» አለ፣ «ባለቤትም አይቆጣ፤
ሠርተሽ ለሌላ ብትሰጪ ፖሊስ አይመጣ።»
ለመጫኛ ግን ሃምሳ ብር ተቀበለኝ። ለነፃው።

ኢምፕሬስ ይባላል። መጀመሪያ እንደ ተከራዩት ቤት
ማብሪያው የት እንደሆነ በጨለማ ዳሰስኩት፤
ዋል አደር ብዬ ለመድኩት።
ፊደሌንም መረጥኩ፣ ከኋላ ወንበር የሚነበብ፦
ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ።
ሦስት ቃል፣ በሦስት ቀስት። ሴቭ አድርጌ ተኛሁ።

ፕሮጀክተሩን ጋሽ ዘርጋው ከተቆለፈ ቁም ሳጥን
በፎጣ እንደተጠቀለለ፣ በሦስት ፊርማ አወጡልን።
የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ሞቷል፤ በቢሮው ኮምፒውተር ከፈትኩት፤
ሰሌዳው ላይ ብርሃን ፈሰሰ፣ መቶ ሃያ ዐይን አፈጠጠበት።

ፀሐይዋ አለች። ወንዙ አለ። ቀስቶቹም በየቦታቸው።
ቃላቱ ግን የሉም። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን ነው በምትካቸው።
ያ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል አልተጫነበትም፤
ሀሁ ያልቆጠረ ዕቃ ለክፍል ይመጣል አላልኩም።

«ኮንዶሚኒየም!» አለ ክንፈ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እውነቱን ነው፤ ሰው ያልገባበት ብሎክ፣ መስኮቱ መስታወት ያልለበሰ።
ላቤ በጀርባዬ ወረደ።
«እሺ» አልኩ፣ «እያንዳንዱ ቤት ባለ ሦስት ክፍል ነው፤
ማን ይገባበታል?» ጠመኔውን ዘረጋሁት፣ ለደፈረው።

ክንፈ ወጣ። ምላሱን ነክሶ፣ ከወንዙ እስከ ፀሐይ
በሚያቀናው ቀስት ሥር «ትነት» አለ ሳጥኖቹ ላይ።
መንትዮቹ እየተጋፉ፣ «ደ» አንደኛው፣ ሌላው «መና»፤
ከደመናው ወደ ምድር የሚወርደው ቀረ ገና።

ስምቦ ተነሣች። ዝም ያለች ልጅ ናት። ይህ ክፍል ያለበት ቦታ
የአያቷ የምስር ማሳ ነበር፣ ሰው ሲያወራ እንደሰማሁት ማታ ማታ።
ሳጥኖቹን በጣቷ ቆጠረች፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀስ ብላ ጻፈች፦
ወ
ረ
ፋ

ማንም አልሳቀም። ረቡዕ ነበር፣ ቦቴው የሚመጣበት ቀን፤
ግማሾቻችን ከሌሊቱ አሥር ጀምሮ ተሰልፈን
ነው ወደ ክፍል የመጣነው። እኔም አለሁበት፤
ቢጫ ጀሪካኔ፣ እጀታው ገመድ የታሰረበት።

«ልክ ነሽ» ልበላት፣ ወይስ «ስህተት»? መጽሐፉ ዝናብ ይላል።
በሳጥን ቁጥር ከሄድን፣ ሁለቱም ልክ ይገባል።
አፌን ስከፍት መብራት ሄደ።

ፀሐይዋ፣ ወንዙ፣ ደመናው፣ ሁሉም አብሮ ሄደ፤
ሳጥኑ ባንድ አፍታ ፈርሶ፣ ግድግዳ የሌላቸው
ሦስት የጠመኔ ቃላት ቀሩ፣ ቆመው በእግራቸው።

ማታ ቶሌራ አሳየኝ፤ ፊደሉን ከፋይሉ ጋር ማሰር ይቻላል፤
አንዲት ምልክት ናት፤ ከዚያ የትም ቢከፈት ይነበባል።
አሰርኩት፤ የአማርኛውን፣ የሒሳቡን፣ የሳይንሱን።
ያንን ቁልቁል የሚወርደውን፣ የመጨረሻውን ቀስት ብቻ
ቃሉን አጠፋሁለትና ሳጥን ሣልኩበት፣ በገዛ እጄ፣
ሦስት፣ ባዶ።
ነገ የ«ሐ» ክፍል ተራ ነው።
ማን እንደሚገባበት እንጃ።