ስድስት ጎራሽ

አርብ ከሰዓት ነው፣ የዕረፍት ቀናችን፣
መጥራህ ገበያ ነን፣ ላብ ሆኗል ሽቷችን።
ራቢያ አምባር ልትሻ፣ ሃያ አንድ ካራት ጥምዝ፣
ፈትለወርቅ ለእህቷ፣ ጉትቻ ልትይዝ፣
ዘምዘም ምንም ላትገዛ፣ ግራም ልታሰላ፣
ሚዛኑን ልታማ፣ ዋጋ ልታጣላ።

ወርቅ ተራ ሲገቡ፣ እኔ ቀኝ ታጠፍሁ፣
ስድስት ዓመት በዓይኔ፣ ስገዛው ከኖርሁ፣
ዛሬ በእጄ ልገዛው።

ሐጂ ጃዋድ ሱቅ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር፣
በቆልማማ ጩቤና፣ በጠገራው ብር
መሐል ተጋድሟል፤ አፉ ወደ በሩ፣
እጀታው የጎሽ ቀንድ፣ ማር መስሏል ዳር ዳሩ።
ስድስት ጎራሽ ነው፤ ስሙ ራሱ ያስርባል፣
አንድ አፍ ላላት ሴት፣ ስድስት መች ይገባል?

አባቴ ዘበኛ ነበር፣ የዱቄት ወፍጮ ቤት፣
እንዲህ ያለ ነበረው፣ ከትራስ ሥር ንብረት።
ወንድሞቼ ይይዙታል፣ ተራ በተራ፣
እኔ ዘይት አቀባይ፣ ጨርቅ ይዤ በስተግራ።
«ሴት ብረት አትነካም»፤ የቤታችን ሕግ።
ጨርቁን ማታ ማሽተት፣ በጉያ መሸሸግ፣
ይህን የከለከለ አንቀጽ ግን አልነበረም።

«ለባልሽ ነው?» አለኝ ሐጂ።
              «ባል የለኝም።»
«ለእመቤትሽ?»
              «እሷማ ርችት ሲተኮስ አልጋ ሥር ትገባለች።»
«ታዲያ?»
              «ለእኔ ነው። ለራሴ።»
መነጽሩን አወለቀ፤ በቀሚሱ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።
«አይተኩስም፣ ታውቂያለሽ፤ መርፌው ተነቅሏል፣
ወረቀቱም ይኸው፤ ፖሊስ ማኅተም መትቷል።»

ከስልክ ካርድ፣ ከሳሙና፣ ሁለት ዓመት ቆንጥሬ፣
ያጠራቀምሁትን፣ በመሐረብ ቋጥሬ፣
አራት መቶ ሪያል፣ ፈታሁት ፊቱ ላይ፤
መቁጠር ሲጀምር ግን፣ ዞር አልሁ፤ እንዳላይ።

የእናቴ ቤት ቆርቆሮ፣ ሰኔ ሲገባ ያፈስሳል።
አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው። ማን ይወቅሰኛል?
ይውቀሰኝ፣ ከፈለገ።

ያዝሁት። አንድ ኪሎ ስኳር ያህላል፣
ስኳር ግን እንዲህ እጅ ላይ አይቀዘቅዝም።
ሆዱን በአውራ ጣቴ፣ ገፋ ሳደርገው፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ፣ ዓመቴን ቆጠረው፤
ስድስት ላይ ሲደርስ፣ እንደገና ከአንድ ጀመረ።

ከባሕሩ ዳር፣ ከአጥሩ ሥር ተገናኘን።
ራቢያ እጇን አንስታ፣ አምባሯን አበራችብን።
«ያንቺስ?» አሉኝ። ጋዜጣውን ገለጥሁላቸው።
ዘምዘም አፏን ያዘች፦
«ሰው ወርቅ ሲሻማ፣ አንቺ ብረት ገዛሽ?
ይተኩሳል?»
      «አይተኩስም።»
«ቢቸግርሽ ይሸጣል?»
      «በገዛሁት አይሸጥም።»
«አገር ቤት ይገባል?»
      «ኤርፖርት ላይ ይቀሙኛል።»
«እና ምን ያደርጋል?»
አንድ ጀልባ ናፍታውን እያጨሰ አለፈ፤
እስኪያልፍ ድረስ መልስ ፈለግሁ።
«የኔ ነው» አልሁ።

ራቢያ ሳቀች፤ ዘምዘም ሳቀች፤ እኔም ትንሽ ሳቅሁ።
ፈትለወርቅ ብቻ፣ ሳትስቅ፣ «እስቲ አምጪው» አለች፣
ሆዱን አንዴ ዞር፣ ደግሞ አንዴ ዞር አደረገች፣
ጉትቻዋን ድንጋዩ ላይ፣ ከነካርቶኑ ረሳች፤
ግማሽ መንገድ ተመልሰን፣ ሮጠን አነሳነው።

ሌሊት ቤቱ ሲተኛ፣ ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣
በስፌት መኪና ዘይት፣ አሽቼ አሽቼ አሽቼ፣
ጨርቁን እኔው አቀብላለሁ፤
እኔው እቀበላለሁ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ እመቤቴ ማንኪያዋን አቆመች፣
«ሩዙ ምን ምን ይሸታል? ዘይት ለወጥሽ እንዴ?» አለች።
ጣቶቼን ከሽርጤ ሥር ወተፍ አደረግኋቸው።
«አዎ፣ እመቤቴ» አልሁ፤
«ሲለመድ ይጣፍጣል።»