ቆጣሪው

ከቦርከና ዳርቻ፣ ከድልድዩ ግርጌ፣
ጡብ እቆጥራለሁ ጥላዬን ፈልጌ።
ጠመኔ በጆሮዬ፣ ደብተር በብብቴ፣
ጭቃ አያውቀኝም ከራስ እስከ ባቴ።
አለቃ ይሉኛል፤ ስሜ አራጋው ነበር።
ደመወዜ ከነሱ በሁለት መቶ ብር
ቢበልጥ ነው፤ ልዩነታችን አንዲት ወንበር።

የኮምቦልቻ ፀሐይ ሽማግሌ አይለይም፤
እብሬ ጭቃ ሲረግጥ ቀና ብሎ አያይም።
ጦይባ ቅርጹን ይዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣
ትደፋለች ጡቡን፣ ሌላ ልትደፋ።
በድልድዩ ያልፋሉ፣ ከጅቡቲ መጥተው፣
ከባድ መኪኖች፣ አቧራቸውን ትተው፤
እርጥቡ ጡብ ላይ የሰፈረውን አቧራ
ጦይባ በቀሚሷ ጫፍ ታብሳለች፣ እንደ ልጅ አፍንጫ፣ በተራ በተራ።

ማክሰኞ፣ ጭድ የሚያመጣው አይሱዙ ቀረ።
ጌታው ከደሴ ወረደ፤ ሐረጎን ተሻገረ።
የደሴ ብርድ ገና ከካፖርቱ ሳይለቅ፣
መስታወቱን አንድ ጣት ዝቅ አድርጎ፣ እንዳይሞቅ፣
«ጭድ ተወዷል» አለኝ፣ «ራሳቸው ይፈልጉ።
አምስት መቶው ግን ያው ነው፤ እንዳይዘነጉ።»
እኔም ዞሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።
ቃሉ የሱ ነበር፤ በኔ አፍ አሞቅኩት።

ተበተኑ ሰዎቹ፣ ገለባ ፍለጋ፤
አንዱ ሀርቡ ድረስ፣
ፈንታው ከሰው በረት፣ ከአህያ አልጋ።
ጦይባ ግን በማግሥቱ ስትመጣ ጠዋት
በጆንያ ይዛለች ጭድ፣
የተጨመቀ በእንቅልፍ ክብደት።
የፍራሿ ሆድ ነው፣ ተርትራ ያወጣችው።
«በምን ተኛሽ?» ብላት፣ ጭቃው ላይ ረጨችው።

ማታ ሲቆጠር፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
ጉድለቱን በቀይ ጻፍኩ፣ በየስማቸው ፊት።
እብሬ እግሩን እየታጠበ «ሙሳ ቢኖር» አለ።
«ሙሴ ነው» ሲል ፈንታው፣ ነገሩ ቀጠለ፤
ባንድ ሰው ሁለት ስም ሲሳሳቁ ቆዩ፣
«አንተ የተማርከው፣ ፍረደን!» እያሉ፣ እኔን እያዩ።
«በፈለገው ስም ይምጣ» አለች ጦይባ፣
«ብቻ ጭድ ተሸክሞ ይግባ።»

ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ጭላንጭል፣
ዘፀአትን ገለጥኩ፣ «የት ነኝ እኔ?» ልል።
በትር የያዘው አይደለሁም፤ ባሕር አይሰማኝም።
ፈርዖንም አይደለሁ፤ ዙፋኑ አይሆነኝም።
በአምስተኛው ምዕራፍ አገኘሁት ራሴን፤
ግብፅ የሾመችው፣ ከወገኑ መርጣ፣
ቆጣሪውን፣ እኔን።

ግን «ተገረፉ» ይላል።
ጡቡ ስለጎደለ፣ አለቆቹ ተገረፉ ይላል።
አልፌ ሄጄ ተመለስኩ። ያው ነው፤ ይላል።
ለምን እንዳልደረሰ ለግብፅ ምን ብለው ነገሩ?
ምናልባት ቁጥሩን እንዳለ ጻፉ።
ምናልባት ያንዷን ፍራሽ አይተው
ዱላውን በራሳቸው አሳለፉ።
እኔን ማን ገረፈኝ? በጉድለቱ ማን መታኝ?
ጀርባዬን ዳሰስኩት፤ ደህና ነው።
ደህና መሆኑ እንቅልፍ ነሳኝ።

ቦርከናን ማን ይክፈለው?
በበጋ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ሕፃን ይሻገራል።
ተሻግሮ የት ይሄዳል?
ማዶም ጡብ ይሠራል።

ሐሙስ የደረቀውን ስቆጥር፣
ካንዱ ጡብ ጎን ብቅ ብሏል ሰማያዊ ክር፣
የፍራሽ ጨርቅ ቁራጭ፣ አበባው ገና ያልለቀቀ።
ጣቴን አሳረፍኩበት። ቁጥሩ ከአፌ ወደቀ፤
ሁለት መቶ ስንት ነበር?
ስልኬ ጮኸ።

«ስንት?» አለ ጌታው፣ ከደሴ።
«አምስት መቶ» አለ ምላሴ።
ደብተሩን ገልጬ ደግሞ ጻፍኩት፣ ከነፊርማዬ፤
እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ የሚገርመው።
ጦይባ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቅርጿ ተመለሰች።
አላመሰገነችኝም። ለምን ታመስግነኝ?

ነገ ሊያይ ይወርዳል። ሐረጎ ሩቅ አይደለም።
ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ጥላው ሸሽቶኛል፤
ከሸሚዜ ሥር፣ ካሁኑ፣
ጀርባዬን ይበላኛል።