የሽቦ ቀብር

ከኮረብታው አናት፣ በነጫጭ የብረት ክንፍ፣
የአዳማ ነፋስ እንደ እህል ተፈጭቶ ሲያልፍ፣
ዱቄቱ መብራት ነው፣ በቆጣሪ የሚሰፈር፤
ለኔ ጓሮ ግን አንድ ጣሳ አይተርፍም ነበር።

ማታ ማታ እወጣለሁ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
ለቆስጣው፣ ለፓፓያው፣ ውሃ በባልዲ አፍስሼ
ወገቤን ይዤ እገባለሁ።
ሃያ ስምንት ዓመት ሲንጀር ላይ የጎበጠ
የልብስ ሰፊ ወገብ ባልዲ መች መረጠ።

አንድ ቀን ቆረጥኩና፣ ከፍራንኮ ወጥቼ
ትንሽ የውሃ ፓምፕ፣ ነጭ ሽቦ ገዝቼ፣
(ቀጭኗን፣ ርካሿን፣)
ከመስኮት አውጥቼ፣ በአሸንዳው ደግፌ፣
ከፓፓያው ግንድ ላይ ጠምጥሜ፣ አሳልፌ፣
ከሮቶው አፍ ላደርስ ሁለት ቦታ ቀጥዬ፣
በናስትሮ ጠቅልዬ፣
ኦብሴን ጠራኋት፣ «ጫፏን እሰሪልኝ» ብዬ።

ኦብሴ የሂርጳ ልጅ፣ የመብራት ባለሙያ፣
ከቀበቶዋ ጎን ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ መሞከሪያ፤
ቀና ብላ አየችው ሽቦውን ከግንዱ፣
ዝቅ ብላ አየችው ውሃውን ከመንገዱ፤
ምንም ሳትናገር ከቆጣሪው አጠፋች፤
ከዚያ፣ «ጋሽ በዳዳ፣ አካፋ አለዎት?» አለች።

«ለምን?»
  «ልንቀብር ነው።»
    «ማንን?»
      «ሽቦውን።
ሽቦ ካልቀበሩ ይቀብራል ሰውን።»

ቆፈርን። የአዳማ አፈር ሲነኩት ይቦናል፣
ከሥር ግን ድንጋዩ ዶማ ይመልሳል።
ክንድ ሲሞላ «በቃ» አልኩ። «ገና ነው» አለች፤
እስከ ጉልበቴ ሲደርስ በሜትር ለካች።
«ነገ ሌላ ሰው ዶማ ይዞ ይመጣል፤
እርስዎ ባይኖሩም ሽቦው እዚህ ይኖራል።»

ሁለት ሜትር ሲሆን፣ አንዱ በአጥር አየና
«ማን ሞተ?» አለን፣ ነጠላውን አዘቀዘቀና።
ሳቅን።
ሻሺቱ ግን አልሳቀች፤
ከአጥሩ ወዲያ ዝም ብላ ቆማለች።

አምና ሐምሌ ነበር፤ ርሶ ነበር አፈሩ፤
ባሏ ለሚ ሸሚዝ ሊያሰጣ ወጣ በባዶ እግሩ።
ሸሚዙን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ነጭ፣ ባለ ሁለት ኪስ።
የማስጫው ሽቦና የጣሪያው ሽቦ፣ በነፋስ
ሲፋተጉ ከርመው፣ ልጡ ተልጦ ኖሯል፤
ሸሚዙ እስከ ማታ እዚያው ተሰጥቶ ውሏል።
ከዚያ ወዲህ ነጭ ሸሚዝ በሰፋሁ ቁጥር
ሁለተኛውን ኪስ እጄ አይደፍር።

ይህን እያወቅሁ ነው ያንን ሽቦ የገዛሁ፤
ርካሽ ዋጋ ስሰማ ሞትን እንኳ የረሳሁ።

ኦብሴ አሸዋ ነሰነሰች፣ እንደ ፍራሽ አለስልሳ፤
ጥቁሩን ወፍራም ገመድ በቱቦ ውስጥ አልብሳ
አስተኛችው። ቅጥያ የለው፣ አንድ ወጥ፤
«ውሃ ቅጥያ ይወዳል፣ ገብቶ እንዲያላምጥ።»
የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ በመዶሻ ሰደደች፣
አረንጓዴ ቢጫውን ከአናቱ ላይ አሰረች፤
«መብራት መንገድ ሲስት፣ የሰው ገላ እንዳይመርጥ፣
አጭሩን መንገድ ስጡት፣ ወደ አፈር ይስመጥ።»
ከግድግዳው ደግሞ ሳልቫቪታ ሰቀለች፤
በአውራ ጣቷ ቁልፏን ተጫነች፤
ቀጭ! አለና ጠፋ። «ይኸውልዎ» አለች፣
«ልብዎ ሳይደነግጥ እሷ ትደነግጣለች።
በየወሩ ይሞክሯት፤ ካልደነገጠች ይጥሩኝ።»

አፈር ልንመልስ ስንል ሻሺቱ ገባች በበር፣
ቀይ ጡብ በጆንያ ይዛ፣ ለሚ ካልጨረሰው አጥር።
ማንንም አላየች። አንድ በአንድ ደረደረች፣
ከገመዱ በላይ እንደ ጥርስ ገጠመች።
«ዶማ ከመጣ፣ መጀመሪያ ይህን ይምታ» አለች።
ሌላ ቃል አልወጣት።
አፈሩን በእጇ ነው፣ በአካፋ ሳይሆን፣ የመለሰችበት።

ማታ ነፋሱ ወረደ፣ ቅጠሉን እያራገበ፤
ፓፓያው እንዳሻው ሄደ፣ ምንም ሽቦ አልሳበ።
ፓምፑ አጉረመረመ፣ ቆስጣው ውሃ ጠገበ።
ከሮቶው ጎን አንዲት አምፖል፣ በመስታወት ተሸፍና፣
በራች። ለጓሮዬም ደረሰው ከነፋሱ ቁና።

በማግስቱ ሻሺቱ ጨርቅ ይዛ መጣች፤
«ለልጄ ነው፣ ሸሚዝ» አለች፤ «ኪሱን…» ብላ ዝም አለች።
እኔም አልጠየቅኩ።
መቀሴን አነሳሁ፤ ሁለት ቆረጥኩ።