ቀለበት

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሳይገለጥ፣
ማለዳ ገባሁኝ ሳህኗን ላገላብጥ።
ከይመር ቁስል ላይ በጥጥ የወሰድኩት፣
ከሙቀቱ ሳጥን ሌሊት ያሳደርኩት፤
የኮምቦልቻው ይመር፣ የጨርቃ ጨርቁ ልጅ፣
መዘውር የነከሰው፣ ያበጠ ግራ እጅ።

ስድስት ክብ ወረቀት፣ ስድስት መድኃኒት፣
ማታ ደርድሬባት ነበር፣ በጥንቃቄና በጸሎት።
ዙሪያው ጠርቶ ካደረ፣ ያ ነበር ምልክቱ፤
በላብራቶሪ ሰው አፍ፣ ስሙም “ቀለበቱ”።

አልጠራም።
ነጭ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ፣
ስድስቱን መድኃኒት ትራስ አርጋ፣ አገኘኋት ተኝታ።

ማን አስተማራት አልልም፣ መምህሯን አውቀዋለሁ፤
ለጉንፋን ሦስት ፍሬ ውጬ፣ ሲሻለኝ ትቼዋለሁ፤
የተረፈውን ለጎረቤት “ፍቱን ነው” ብዬ ሰጥቻለሁ።
ከፒያሳ መደብር፣ ያለ ሐኪም ወረቀት፣
እንደ ከረሜላ በፍሬ ስንገዛ መድኃኒት፣
እሷ ከኋላችን ቆማ ታጠና ነበር፣ በትዕግሥት።

ኮሪደሩ ላይ ዘምዘም፣ እናቱ፣ ጠበቀችኝ፤
በሩን ሳልዘጋው ክንዴን ያዘችኝ።
“አፈር ስሆን፣ ልጄን… አፈር ስሆንልህ…”

ይህችን ቃል በዚህ ቤት ስንቴ ሰምቻታለሁ፤
ያን ቀን ግን እንደ ትእዛዝ ይዣት ወጥቻለሁ።
ተምሬ ነበር ድሮ፣ ስንቱ ያዳነን መድኃኒት፣
ከአፈር እንደተገኘ፣ ከማይታይ ፍጥረት።

ማንኪያና ላስቲክ ይዤ፣ ከአዝዋ ገደል ሥር፣
ከቦርከና ዳር፣ ከፋብሪካው አጥር፣
ከመቃብሩም ጥግ (የተኙት ይቅር ይበሉኝ) ቆንጥሬ አፈር፣
በጠበጥኩት፣ አጠለልኩት፣ በየሳህኑ ዘራሁት፤
እሷን ከጎኑ አስተኝቼ፣ ጠብ እንዲያነሣ ጠበቅሁት።

ሠላሳ ዘጠኙ ዝም አለ።
አርባኛው፣ ከመቃብሩ የቆነጠርኩት፣
አንድ ግራጫ ነቁጥ አብቅሎ አገኘሁት።
መስኮቱ ጋ ወስጄ፣ ወደ ብርሃን አነሣሁት፤
ዙሪያው ጠርቷል።
ቀጭን፣ የስስት፣ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀለበት።

ወደ ዋርዱ ሮጥኩ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው።
ይመር ወጥቷል፣ ድኖ። ያዳነው መጋዝ ነው።
ለጥር ቀን ተቆርጦለት ነበር፣
እጁ ቀድሞ ተቆረጠ፣ በኅዳር።
ቀለበቱ መጣ፤
ጣቱ የለም።

ከዚህች ነቁጥ እስከ ክኒን፣ አሥር ዓመት ነው ይላሉ፤
መርዝ ትሁን መድኃኒት፣ ገና አላወቅሁም።
ሳህኗን ከድኜ ቀን ጻፍኩባት።
ከስም ቦታው ላይ፣ ሌላ ቃል ስላልመጣልኝ፣
“ዘምዘም” አልኳት።